ከጀርመን የገባች ስፖርት መኪና ከስር ዝጋለች፣ ልግዛት ወይስ ትቅርብኝ?

የከዚራው፦
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች፣ መኪና የምታውቁ አንድ ነገር አማክሩኝ። ሳቢያን የቆመች ማዝዳ ኤምኤክስ ፋይቭ አለች፣ 1999 ሞዴል፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣራዋ ሸራ። ባለቤቱ ከጀርመን ነው የመጣችው ይላል። ሞተሯ ሰላም ነው፣ ቀለሟም ያምራል፣ ግን ጎንበስ ብዬ በሞባይል መብራት ከስር ሳያት ግማሹ ቡናማ ግማሹ ደግሞ ጥቁር የተቀባ ነው። ደላላው «አቦ አታካብድ፣ የላይ ዝገት ነው፣ ድሬ ላይ መኪና አይዝግም» እያለ ያጣድፈኛል፣ ዋጋውን ደግሞ በ2016 የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንደዚህ አይነት አታገኝም ብሎ ሰቅሎታል። የላይ ዝገትና የሚበላው ዝገት በምን ይለያል? መካኒኬ ሞተር እንጂ ቦዲ አያውቅም።

ባትላሜራው ሐረር፦
ደላላው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። አካባቢያችን ደረቅ ስለሆነ እዚህ ሐረር እነዛ ፔጆ 404 ታክሲዎች አባቶቻችንን ጭነው እኛንም ጭነዋል። ግን እነሱ የጀርመን ብርድ አላዩም። እዛ በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ጨዉ ከውሃው ጋር እየተረጨ ከስር የላሜራው እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ ድሬ ስትደርስ ይተኛል እንጂ አይጠፋም፣ ላቫጆ ባስገባሃት ቁጥር ወይ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል።

ልዩነቱን በእጅህ ታውቀዋለህ። የላይ ዝገት ስትነካው ዱቄት ሆኖ ጣትህ ላይ ይቀራል፣ በሽቦ ብሩሽ ስትፈትገው ጤነኛ ብረት ይወጣል፣ እሱ አንቲረስት ተቀብቶ ይኖራል። የሚበላው ግን ያብጣል፣ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ ያነሳዋል፣ ስትቆነጥረው እንደ ቅርፊት በድርብርብ ይነሳል። የካቻቢቴ እጀታ ይዘህ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ እያደረግክ ሂድ፣ ጥሩው ብረት ይጮሃል፣ የተበላው ጋ ስትደርስ ድምፁ ይሞታል። እዛች ጋ ጫፉን ጫን ስትለው ከገባ አለቀ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጥቁሩ ነው። ቡናማው ምን እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። ጥቁሩ በቅርብ የተቀባ ከሆነ፣ በተለይ ማርሚታው ላይና የፍሬን ቱቦው ላይ ሁሉ ተረጭቶ ካየህ፣ ለመኪናዋ ብሎ ሳይሆን ለገዢ ብሎ ነው የቀባው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አስጠጋው፣ የማይዝ ቦታ ካገኘህ ከስሩ ስቱኮ ነው።

ደንገጎ፦
ባትላሜራው የተናገረው ልክ ነው፣ እኔ የዚችን መኪና በሽታ ልጨምር። ኤምኤክስ ፋይቭ የምትዝገው በታወቀ ቦታ ነው፣ ከበሩ ስር ያለው የጎን ሳጥን፣ በተለይ ከኋላ ጎማ ፊት ያለችው ጥግ። ምክንያቱም የሸራው ጣራ ውሃ ከወንበሮቹ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ነው የሚወርደው፣ እነሱ በአቧራና በቅጠል ሲደፈኑ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ውጭ የምትታይ ትንሽ የቀለም ፊኛ ካለች ውስጡ ብዙ ሄዷል ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳዳው ላይ አፍስስና ከኋላ ጎማ ፊት ወደ መሬት መውረዱን እይ፣ ካልወረደ ተደፍኗል። ከአንድ በኩል ወርዶ ከሌላው እምቢ ካለ እምቢ ባለው በኩል ያለውን ጥግ ደጋግመህ ምታ።

ሁለተኛ ደግሞ የ1999ዋ ፊት ለፊት ከሞተሩ ግራና ቀኝ የሚሄዱት የቻንሲ ብረቶች ድርብ ላሜራ ናቸው፣ በመሃላቸው ውሃ ይቀመጣል። ይሄን መሬት ላይ ተኝተህ አታየውም፣ ፖንቴ (መኪና ማንሻ) ላይ ትውጣ።

የብረት ጣራ የሌላት መኪና ስለሆነች ጉልበቷ ሁሉ እነዛ ሳጥኖች ላይ ነው፣ ስለዚህ ክሪኩን በቦታው አድርገህ አንድ ጎን ስታነሳ በሩን ክፈት ዝጋ፣ በሩ መያዝ ከጀመረ ወይ ክፍተቱ ከተቀየረ ሳጥኑ ሄዷል።

የለገሃሬዋ፦
እኔ ደግሞ ምንጣፉን አንስተህ እይ እላለሁ፣ ማንም አያነሳውም። ከወንበር ኋላ ያለው ስፖንጅ ርጥብ ከሆነ ወይ የሻገተ ከሸተተህ ሌላውን ሁሉ ከማየትህ በፊት ዋጋ ቀንስ። እንደገና ጅቡቲ ወደብ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆመች ጠይቅ፣ የባህር አየር ብሎኖቹንና አልሙኒየሙን ነው የሚይዘው፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ እሱ ብዙ አያስፈራም። የፍሬን ቱቦ ላይ ያለ ጉድጓድ ጉድጓድ ዝገት ግን ቀልድ የለውም፣ ገዝተህም ቢሆን ቱቦውን ሳትቀይር የደንገጎን ቁልቁለት እንዳትወርድባት።

የከዚራው፦
ወላሂ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሻጩን ደወልኩለት፣ ፖንቴ ላይ እሺ ብሏል፣ ጥቁሩን ግን አትፋቀው ይላል። ምን ልበለው?

ባትላሜራው ሐረር፦
በሙሉ አትፋቅበትም፣ እሱም እውነቱን ነው መኪናው ነው። ከኋላ ጎማ ፊት ባለችው ጥግ የሳንቲም ያህል ብቻ በቤንዚን በነከርከው ጨርቅ ልጥረግ በለው፣ ሲወጣ የተበየደ መስመር ይታያል ወይም አይታይም። እሱንም ከከለከለህ ሁለቱም ሳጥን ተቆርጦ እንደሚሰራ ቆጥረህ ተደራደር፣ ለዚች መኪና የተዘጋጀ ላሜራ እዚህ አታገኝም፣ ከጥቅል ላሜራ እየታጠፈ ነው የሚሰራው፣ ስራው ከብረቱ ይወደዳል። ብየዳውን ደግሞ ማን እንደሚሰራልህ ከአሁኑ አስብ፣ መንገድ ላይ በኤሌክትሮድ የሚበይድ አታስነካት፣ ቀጭን ላሜራ ያቃጥልብሃል።