የመጽሐፍ ጥናቱና የእንቁጣጣሽ ትርኢት፦ የጋራ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ማኅበራችን ለቦርዱ የሚያቀርበው የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ ዓርብ ይዘጋል። ረቂቁ ይኸውላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1902 ቺካጎ የታተመውን የኤርድኔዝን የመጫወቻ ካርታ ጥበብ መጽሐፍ በየቅዳሜው ምዕራፍ በምዕራፍ እናጠናለን፤ ለእንቁጣጣሽ ለልጆቹ የካርታ ምትሃት እናሳያለን። የምንጠይቀው 900 ዶላር ለካርታ፣ ለመጽሐፉ ቅጂዎችና ለጠረጴዛ ጨርቅ ነው። የገናውን ትርኢት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከቪዲዮ የተቃረመ ብልሃት ልጆች ፊት ሲበተን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም።

የአሌክሳንድሪያው (ከቨርጂኒያ የሚመጣው አባል)፦ መጽሐፉ አይሆንም። የመጀመሪያው ክፍል በቁማር ገበታ ላይ ስለማጭበርበር ነው። ደራሲው ራሱ በመግቢያው ላይ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ይናገራል፤ ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ይህን ይዘን ቄሶች የተቀመጡበት ቦርድ ፊት እንቅረብ? ሁጋርድና ብራው በጋራ የጻፉት የካርታ ምትሃት መማሪያ ይሻላል። ከብወዛ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይወስዳል፤ አንድ ነገር ካስተማረ በኋላ በዚያው የሚሠራ ጨዋታ ያቀርባል።

ሰብሳቢ፦ የኤርድኔዝ ሁለተኛው ክፍል የትርኢት ነው። ስመ ጥሩው የካርታ ምትሃተኛ ዳይ ቨርነን ከልጅነቱ ያጠናው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ላይ ታዋቂውን ምትሃተኛ ሁዲኒን በአንዲት ካርታ ግራ ያጋባው እሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?

ግራኟ፦ ከመጽሐፉ በፊት የኔ ጉዳይ ይታይ። ሥዕሎቹ የተሣሉት ለቀኝ እጅ ሰው ነው፤ እኔ ግራኝ ነኝ። «ሥዕሎቹ ለግራኞች ተገልብጠው ይባዛሉ» የሚል መስመር ካልገባ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሥዕሎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ማባዣውን ማን ይከፍላል? ደግሞስ የካርታው እሽግ የሚያዘው በግራ እጅ ነው። ያንቺ ብርቱ እጅ እሱ ከሆነ ምን ጎደለብሽ?

ግራኟ፦ ጋሼ፣ ሲበወዝ እኮ እሽጉን አንሥቶ የሚያወርደው ቀኝ እጅ ነው። መጽሐፉ አንዷን ካርታ ከሌሎቹ በጥቂቱ ወደ በዋዡ በኩል አውጥቶ መተውን ያስተምራል፤ በኋላ አውራ ጣት በዳሰሳ አግኝቷት እሽጉን እዚያው እንዲከፍል። በማይመች እጅ ሲሠራ ካርታዋ እንደ ምላስ ተዘርግታ ትቀራለች። የፊት ወንበር ላይ ያለ ሕፃን ሳይቀር ያያታል።

የአሌክሳንድሪያው፦ ገልብጠሽ ብትማሪም ሌላ ጣጣ አለ። በተለመደው ካርታ ላይ ቁጥሩ ያለው በላይ ግራና በታች ቀኝ ማዕዘን ብቻ ነው። በተገላቢጦሽ አቅጣጫ ስትዘረጊው ቁጥሮቹ ይሸፈናሉ፤ ተመልካቹ ነጭ ጠርዝ ብቻ ነው የሚያየው።

ግራኟ፦ በአራቱም ማዕዘን ቁጥር ያለው ካርታ ይሸጣል። እሱ ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለአንድ ሰው ተብሎ?

ግራኟ፦ ያ «አንድ ሰው» ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ መዋጮ አቋርጦ አያውቅም። የገናው ጨርቅ ሒሳብ የት እንደገባ እስካሁን የነገረን የለም፤ የኔ ካርታ ሲሆን ግን ሳንቲም ይቆጠራል።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ስሜን በጉባኤ ፊት አታንሺ። ከፈለጋችሁ መዝገቡን ዛሬውኑ አስረክባለሁ።

ሰብሳቢ፦ መዝገብ የጠየቀ የለም። ዓርብ ቅርብ ነው፣ ወደ ረቂቁ እንመለስ።

አዲስ አባል፦ እኔ የማየው እንዲህ ነው። አስተማሪው በቀኝ እጁ የሚሠራ ከሆነ ግራኝ ተማሪ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ። የእሱ ቀኝ በእሷ ግራ በኩል ስለሚውል የምታየውን እንዳለ መከተል ትችላለች፤ የሚገለበጥ ሥዕል የለም። የሚቸገሩት ሌሎቹ ናቸው፤ ከጎኑ ወይም ከጀርባው መቆም አለባቸው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ክፍላችን ደግሞ ጠባብ ነው፣ ጠረጴዛውም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ግራኟ፦ ይህ ያስኬዳል። የጨርቁን ነገር ከእንግዲህ አላነሣም፣ ጋሼ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም ረስቼዋለሁ። እንግዲያው መቀየር ያለበት ክፍሉ ነው። ገንዘቡ ለኪራይ ይዋል።

ጸሐፊ፦ መስታወትም ይጨመር። ከኋላ የቆመ ሰው የአስተማሪውን ጣቶች ከፊት ያያል።

የአሌክሳንድሪያው፦ ለልምምድም ይጠቅማል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስታወት ፊት የሚለማመድ ሰው ዋናው እንቅስቃሴ ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል። ስሕተቱን ሳያይ ወራት ያልፋሉ። ጎን ለጎን በስልክም ይቀረጽ።

ሰብሳቢ፦ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማን ያስተምራል? ሁለት ሰዎች እጅ አውጥተው ነበር።

ጸሐፊ፦ አንደኛው መልእክት አይመልስም። ሁለተኛው የሥራ ፈረቃው ተቀይሮ ቅዳሜ አይመቸውም።

የአሌክሳንድሪያው፦ አስተማሪ እስኪገኝ ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንሂድ። ሁዲኒ በኑዛዜ የተዋቸው መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1927 የገቡት እዚያ ነው። የአንባቢ መታወቂያው በነጻ ነው። ለመጽሐፍ ቅጂ የተመደበውም ለኪራይ ይተርፋል።

ገንዘብ ያዥ፦ በብርቅዬ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ካርታ ሊበወዝ? ጣት በንባብ ብቻ አይለምድም።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ የክፍል ኪራይ 700፣ መስታወት 120፣ ባለ አራት ማዕዘን ቁጥር ካርታ 80። የመጽሐፉ ምርጫ ወደፊት ይወሰናል። ትርኢቱ «እንደ ሁኔታው» ተብሏል።

ሰብሳቢ፦ ይህ እኔ ያቀረብኩት ዕቅድ አይደለም። ለልጆቹ ወላጆች ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። «እንደ ሁኔታው» የሚለው ይውጣ፣ የእንቁጣጣሽ ቀን ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ አስተማሪ ሳይኖር ቀን ጽፈን ቦርዱ ቢጠይቀን ማን ይመልሳል?

ግራኟ፦ መስታወቱ በየት በኩል ይቆማል? ፊት ለፊት ከሆነ የኔን መቀመጫ ይወስደዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ በመስኮቱ ትይዩም አይሆንም፣ ብርሃኑ ያንጸባርቃል። ክፍሉን ሳናይ ቁጥር አንጽፍም። ሐሙስ ማታ መኪና ያለው ይጻፍልኝ።