ምድር ቤቴ ውሃ ሞላ፤ ጥፋቱ የቧንቧው ነው ወይስ ከመሬት የሚሰርግ ውሃ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሐሙስ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች ውሃ ውጧቸው አገኘሁ። ወለሉ 20 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን የውሃው ጥልቀት 40 ሳንቲ ሜትር ነበር። በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ የሚያልፈው የብረት ቧንቧ መታጠፊያው ላይ ሲያንጠባጥብ ስላየሁ፣ ጥፋቱ የእርሱ ነው ብዬ ደመደምሁና ፓምፕ ተውሼ ውሃውን በሦስት ሰዓት ውስጥ አወጣሁት። ይሁን እንጂ ማምሻውን ስመለስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደገና ተጠራቅሞ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ባለሙያዎች አይተውታል። አንደኛው በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት ቧንቧዎች ስላረጁ ልስኑ ተፈልፍሎ ሁሉም መለወጥ አለባቸው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ግድግዳውን ከውስጥ ውሃ በማያሳልፍ ቀለም መቀባት ይበቃል አለ። ሁለቱም ወጪያቸው ቀላል አይደለም፤ ሁለቱም ደግሞ ስለሚናገሩት ነገር እርግጠኞች ነበሩ። የትኛውን ላስቀድም?

የመጀመሪያ መልስ

ከጥገናው በፊት ስለ ኤሌክትሪክ ላንሳ፤ ውሃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት መብራት ማጥፋትዎን አልገለጹምና። ውሃ ሶኬት ወይም ማራዘሚያ የነካበት ክፍል ውስጥ መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ዋናው ማጥፊያ ደረቅ ቦታ ላይ ከሆነ ያጥፉት፤ እርሱ ራሱ ምድር ቤቱ ውስጥ ከሆነ ግን ውሃ ረግጠው ሊደርሱበት አይሞክሩ፣ ከውጭ የሚያቋርጥ ባለሙያ ይጥሩ። የተዋሱት ፓምፕ በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ውጭ ይቀመጥ እንጂ ወደ ታች አይውረድ፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ያስገረመኝ ሁለቱም ባለሙያዎች ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይለኩ መድኃኒት ማዘዛቸው ነው። ወደ ምድር ቤት የሚገባ ውሃ ከንጹሕ ውሃ መስመር፣ ከፍሳሽ መስመር ወይም ከመሬቱ ይመጣል። ፍሳሽ ከሆነ ሽታው ራሱ ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜም በወለሉ መውረጃ በኩል ነው ወደ ላይ የሚመለሰው። የቀሩትን ሁለቱን ለመለየት ቆጣሪዎ ይበቃል። በቤቱ ያሉትን የውሃ መክፈቻዎች ሁሉ ዘግተው፣ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያም ሞልቶ መቆሙን አረጋግጠው፣ የቆጣሪውን ንባብ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ድረስ ይጻፉና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ያንብቡ። በዚያው ሁለት ሰዓት ውስጥ ከሚያንጠባጥበው መታጠፊያ ሥር ባልዲ አስቀምጠው የተጠራቀመውን ይለኩ። የቆጣሪው ልዩነትና የባልዲው ውሃ ከተመጣጠኑ ግድግዳው ውስጥ የተደበቀ ሌላ ቀዳዳ የለም፤ ቆጣሪው ከበለጠ ግን አለ።

ግምቴን አስቀድሜ ልናገር፦ በ20 ካሬ ሜትር ወለል ላይ የተኛ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ 2,000 ሊትር ነው። የሚያንጠባጥብ መታጠፊያ በአንድ ቀን ይህን ሁሉ አያመጣም።

ሁለተኛ መልስ

በቆጣሪው ፍተሻ እስማማለሁ። ሆኖም ከመንገዱ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር ቢፈነዳ ቆጣሪው አያየውም፤ እንዲህ ያለው ውሃ ዝናብ ካቆመ ከቀናት በኋላም ሳይቀንስ ስለሚመጣ በዚያ ይለያል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የፓምፑ ጥድፊያ ነው። በውጭ ያለው አፈር በውሃ ጠግቦ ሳለ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ከዚህኛው ወገን ደግፎ ይይዘዋል። 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ በካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጫና ያሳርፋል፤ ከፍታው በእጥፍ ሲጨምር ግድግዳው በጠቅላላው የሚሸከመው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው ወገብ ድረስ በደረሰበት ቤት ድጋፉን በአንድ ጊዜ ማንሳት ግድግዳውን ሊሰነጥቅ ወይም ወለሉን ወደ ላይ ሊያነሣ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀንሶ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጎ ማሳደር ይገባል፤ በማግሥቱ ውሃው ከምልክቱ በላይ ከወጣ መሬቱ ገና አልጠነፈፈም። የእርስዎ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር ሳይጎዳ አልፎ ይሆናል፤ ቢሆንም ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።

የቀለሙን ነገር እኔ አልደግፈውም። ውሃው ከኋላ እየገፋ ስለሚመጣ ከውስጥ የተቀባው ቀለም ጥቂት ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ይልቅስ ወደ ውጭ ወጥተው አሸንዳውን ይዩ። በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 5,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ በአንድ መውረጃ ቱቦ ተሰብስቦ በግድግዳው ሥር ከፈሰሰ መሄጃው ወደ እርስዎ ነው። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬትም በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ ይኖርበታል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መብራቱን ሳላጠፋ ነበር የገባሁት፤ ይህን አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ፍተሻውን አደረግሁ፦ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆጣሪው 1 ሊትር ተኩል ቆጠረ፤ ባልዲው ውስጥም የተገኘው ያንኑ ያህል ነው። ወለሉን በመወልወያ አድርቄ በእጅ ባትሪ ስመለከት፣ ውሃው ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት መስመር ከአንድ ጥግ ሲፈልቅ አየሁ፤ ከጠራ ውሃ ጋር ቀጭን አሸዋ ያመጣል። በዚያ ጥግ ትክክል ውጭውን ሳይ የአሸንዳው መውረጃ ከመጨረሻው መገጣጠሚያው ተላቅቆ፣ ጣሪያው የሚሰበስበውን ውሃ ሁሉ መሠረቱ ሥር ሲያፈስ ቆይቷል። ከሥሩ ክርን የሚያስገባ ጉድጓድ ተቆፍሯል።

እንግዲህ የመታጠፊያውስ ጥገና እንዴት ይሁን?

ሦስተኛ መልስ

በቧንቧ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስላሳለፍሁ ይህን እኔ ልመልስ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ይለወጡ ያለው ባለሙያ ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ የብረት ቧንቧ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ በዝገት ይጠባልና አንድ ቀን መለወጡ አይቀርም። ነገር ግን ቆጣሪውና ባልዲው ከተስማሙ ዛሬ ልስን የሚያስፈለፍል ምክንያት የለም። መገጣጠሚያዎች አስቀድመው የሚያፈሱት ጥርስ (እንደ ብሎን የሚጠብቁበት ጠመዝማዛ) ሲወጣላቸው የብረቱ ውፍረት ስለሚቀንስ ነው።

መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ይሞክሩት። ለዓመታት ያልተነካ አሮጌ ጌት ቫልቭ (ብዙ ዙር በማዞር የሚዘጋው ዓይነት) አልዞርም ካለ አያስገድዱት፣ አንገቱ ይሰበራል፤ ከቆጣሪው ጋር ያለውን ይዝጉ፣ ጥገናው ሲደረግም በሩብ ዙር በሚዘጋ ቦል ቫልቭ ያስቀይሩት። ሲፈታ ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል፤ በአንዱ ቧንቧውን ሳያንቀሳቅሱ ይዘው በሌላው መታጠፊያውን ማዞር ነው። በአንድ መፍቻ ብቻ የታገለ ሰው ጉልበቱ ግድግዳው ውስጥ እስካለው መገጣጠሚያ ድረስ ስለሚደርስ አንዱን ቀዳዳ ሁለት ያደርገዋል። መታጠፊያው በሁለቱም ወገን የተያዘና በአጠገቡ ዩኒየን (ቧንቧውን ሳያዞሩ የሚፈታ ማያያዣ) የሌለው ከሆነ ደግሞ ቧንቧው ሳይቆረጥ አይፈታም። ጥርሱ ደህና ከሆነ በብረት ብሩሽ አጽድተው፣ የቧንቧውን አፍ ወደ ራስዎ አዙረው ቴፍሎኑን (ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለውን ስስ ጥብጣብ) በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይጠቅልሉት፤ በተቃራኒው ከጠቀለሉት ሲያጠብቁት ይፈታል። ጥርሱ ከተሸራረፈ ግን ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ በፒፒአር (በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መቀጠል ይሻላል። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው የሚበየደው፤ ለ20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሰከንድ ማሞቅ ይበቃል፣ ነገር ግን መስመሩ ውስጥ ጠብታ እንኳ ካለ ብየዳው አይያዝም። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በአሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦ ከብረት ቧንቧው ጋር ታስሮ ሊሆን ስለሚችል፣ መካከሉ ፕላስቲክ ሲሆን ያ ግንኙነት ይቋረጣል፤ ከመቁረጥዎ በፊት ይታይ።

አራተኛ መልስ

ስለ ጽዳቱ ማንም ስላላነሣ በአጭሩ፦ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚጀምር የራሰ ካርቶንና ፍራሽ ይውጣ፤ መስኮት ተከፍቶ ወይም ቬንቲሌተር ተደርጎ አየር ይዘዋወር። ወለሉን በበረኪና ማጽዳት ይቻላል፤ ነገር ግን ከሽንት ቤት አሲድም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና።

ከጠያቂው

የአሸንዳውን መውረጃ ጠግኜ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ እንዲፈስ በቱቦ ቀጠልሁት፤ ጉድጓዱንም በአፈር ሞልቼ ወደ ውጭ እንዲያዘቅዝቅ ደለደልሁት። ማክሰኞ ሌሊት ደግሞ ጥሩ ዝናብ ዘነበ። ጠዋት መብራቱን አጥፍቼ ስወርድ በዚያው ጥግ ከመዳፍ የማይሰፋ የረጠበ መስመር ብቻ አገኘሁ። መታጠፊያው ዩኒየን ስላልነበረው ተቆርጦ በፒፒአር ተቀጠለ፤ የመሬት ሽቦው ከዋናው ማጥፊያ ወደ ተተከለ ዘንግ የሚሄድ ሆኖ ስለተገኘ የሚነካው ነገር አልነበረም። ትናንት ማታ የቆጣሪውን ንባብ ጽፌ ተኛሁ፤ ዛሬ ጠዋት ያው ቁጥር ነው።