የሼር ጌማችን ወደ ቁማር እየሄደብኝ ነው፣ ምን ህግ ላውጣ?

የለገሃሩ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ የምንሰራ ሰባት ልጆች ኢንቨስቶፔዲያ ሲሙሌተር የሚባል በውሸት ብር ሼር መነገጃ ድረ ገጽ ላይ የራሳችንን ጌም ከፍተን የአሜሪካ ሼር እየነገድን ነው፣ ለእያንዳንዳችን 100,000 የውሸት ዶላር፣ ጊዜው አንድ ወር። ሀሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የኛው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ (የሼር መገበያያው) ጥር 2017 ላይ ስራ ሲጀምር ሁላችንም እንግዛ እንግዛ እያልን ሊሚት ኦርደር (ከዚህ ዋጋ በላይ አትግዛ ወይም ከዚህ በታች አትሽጥ ብሎ ማዘዝ) ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አንድ ሰው አልነበረም፣ ቢያንስ በውሸት ብር እንልመድ ብዬ ነው። አሁን አንዱ ልጅ ያለውን በሙሉ አንድ ሼር ላይ ደፍቶ አንደኛ ወጣ፣ እኔ ስምንት ካምፓኒ ላይ በትኜ አምስተኛ ነኝ። ከዛ ወዲህ ሁሉም እሱን እየተከተለ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው "ዛሬ ምን ይዘላል" ብቻ ሆነ። ትናንት አንዷን የገዛሽው ካምፓኒ ምንድነው የሚሰራው ስላት ስልኳን አውጥታ መፈለግ ጀመረች። እውነት ከፍቶኛል፣ ምን ላድርግ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ወንድሜ ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ህጋችሁ ነው እንደዛ የሚያስጫውተው። አንድ ወር ብቻ ከሆነና አንደኛው ብቻ ካሸነፈ ሁለተኛ መውጣትና መጨረሻ መውጣት አንድ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ መድፋት ያዋጣል። እኛ ስድስት ወር አደረግነውና አንድ ሼር ላይ ከ20 ፐርሰንት በላይ ማስገባት ከለከልን፣ እርስ በርስ መወዳደሩንም ትተን ከኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ካምፓኒዎችን ሼር ዋጋ ባንድ ላይ ከሚያሳየው መለኪያ) ጋር ነው የምንለካው። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ደብተር ነው፣ ከመግዛትህ በፊት ለምን እንደምትገዛ ሁለት መስመር ጻፍ። እኔ አንዴ "ወርዷል ርካሽ ነው" ብዬ ጽፌ ከሶስት ሳምንት በኋላ ገልጬ ሳየው ሌላ ምክንያት እንዳልነበረኝ ገባኝ፣ እስከዛ አዋቂ መስዬ ነበር ለራሴ።

ካዛንቺስ፦
በላዩ ላይ ልጨምር፣ ጌሙ የማያሳያችሁ ትልቅ ነገር ገዢ ማግኘት ነው። እዛ ሽጥ የሚለውን ስትነካ ገዢ ሳትፈልግ ይሸጣል። አባቴ ገበያው ሳይከፈት በፊት የገዛውን የባንክ ሼር ለመሸጥ ገዢ ፍለጋ ስንት ወር እንደደወለ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላው ደግሞ 100,000 ዶላር የማናችንም ኪስ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ አያስደነግጥም። የቴሌ ሼር ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ 33 ሼር ነበር፣ 9,900 ብር ማለት ነው፣ እሱን ከደሞዜ ሳወጣ እጄ ተንቀጥቅጧል። ከ100,000ው 2,000 ዶላር ብቻ ተጠቀሙና ሞክሩት፣ ስሜቱ ይለያል።

ማታ ሰራተኛ፦
ምሳ ሰዓት ላይ የምታዙ ከሆነ እኮ ገበያው ተዘግቶ ነው። የኒውዮርክ ገበያ በኛ ሰዓት ከቀኑ 10:30 ይከፈትና ማታ 5:00 ይዘጋል፣ በነሱ የብርድ ወራት ደግሞ 11:30 ተከፍቶ እስከ 6:00። ስለዚህ የምሳ ትዕዛዛችሁ ገበያው ሲከፈት በሚያገኘው ዋጋ ነው የሚገዛው፣ ሊሚት ኦርደር ተለማመዱበት። እና ማንም መጥቶ "እውነተኛ ብር አስገቡና በጌሙ እንወራረድ" ካለ ያን ቀን ጌሙን ዝጉት።

የለገሃሩ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንብቤ ለግሩፑ ላኩት፣ አንደኛ ያለው ልጅ ራሱ 20 ፐርሰንቱን ተስማማ። ሰኞ እንደገና እንጀምራለን፣ አራት ወር አድርገነዋል፣ ሰባት ደብተር ዛሬ ከፒያሳ ገዝቼ መጣሁ።