ላፕቶፔ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ካላስገባሽ አልከፈትም አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ተመራቂዋ፦ ዛሬ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ሰማያዊ ገጽ መጥቶ የቢትሎከር መክፈቻ ቁልፍ ጠየቀኝ። ትናንት ጥገና ሱቅ ወስጄው ባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) አድሰውልኛል። የመመረቂያ ጽሑፌን ሰኞ አስረክባለሁ፤ እኔ ግን ምንም ነገር ቆልፌ አላውቅም!

ጥንቁቅ፦ እህቴ፣ ቢትሎከር የዊንዶውስ ዲስክ መመስጠሪያ ነው። ዲስክን በሙሉ መመስጠር (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ማድረግ) ላፕቶፑ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ በመሰካት ፋይልዎን እንዳያነብ የሚከላከል ትልቅ ጥበቃ ነው፤ ጥፋቱ ቁልፉን በወረቀት ጽፎ፣ ጽሑፉንም በሌላ ዲስክ ገልብጦ አለማስቀመጥ ነው።

ፈጣኑ፦ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጫኑት።

ጥገና ቤት፦ ይህን ፈጽሞ እንዳያደርጉ! ማሽኑ ይሠራል፣ ጽሑፍዎ ግን ይጠፋል። ዲስኩን ሁልጊዜ በራሱ የሚከፍተውን ቁልፍ የሚጠብቀው ቲፒኤም የሚባል ቺፕ ሲሆን፣ ባዮሱ ሲታደስ ማሽኑ የተነካካ ስለሚመስለው ቁልፉን አልሰጥም ይላል። ሱቁ ከማደሱ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው ማገድ ነበረበት። አሁን በስልክዎ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ይግቡና ባለ 48 አሃዙን መጠባበቂያ ቁልፍ ይፈልጉ፤ በሰማያዊው ገጽ ላይ ያለው የቁልፍ መለያ ከአካውንቱ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ።

ተጠራጣሪ፦ ባለቤቱ ሳያዝዘው ራሱን የሚቆልፍ ኮምፒዩተር የለም፤ ረስተውት ይሆናል።

ጥገና ቤት፦ አለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ፣ አዲስ ማሽን በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጀመር ምስጠራው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቅ ይበራል።

ፈጣኑ፦ እንግዲያው አካውንትዎ ውስጥ ይፈልጉ።

ተመራቂዋ፦ ፈለግሁ፣ ምንም የለም። ላፕቶፑን ወንድሜ ነው ከዋሽንግተን ገዝቶ፣ አስተካክሎ የላከልኝ።

ጥገና ቤት፦ መፍትሔው እዚህ ላይ ነው! መጀመሪያ በእርሱ አካውንት ከተጀመረ ቁልፉ የሚገኘው በእርሱ አካውንት ውስጥ ነው። በስልክ ሲያነብልዎ 6 አሃዝ ባላቸው 8 ክፍሎች ከፍለው ይጻፉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ያለ ቀሪ ለ11 የሚካፈል ስለሆነ የተሳሳተ አሃዝ ካለ ማሽኑ እዚያው ይነግርዎታል።

ተመራቂዋ፦ እዚያ አሁን ሌሊት ነው፤ ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሣም።

ጥንቁቅ፦ መልእክት ይተዉለት፤ እስኪነቃ ድረስ ላፕቶፑን ለሌላ ሱቅ አይስጡት። ሲከፈትልዎ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ጽሑፉን በፍላሽ ይገልብጡት።