በህንድ የተማረ ኦርቶዶንቲስት (የጥርስ አሰላለፍ አስተካካይ ሐኪም) እንግሊዝ አገር ለመመዝገብ፦ ኦአርኢ (ውጭ አገር ለተማሩ ጥርስ ሐኪሞች የሚሰጠው የምዝገባ ፈተና) የግድ ነው?

ከዚራ_4፦
ሰላም ከድሬ። የመጀመሪያ ዲግሪ ከጅማ፣ ኦርቶዶንቲክስ ኤምዲኤስ (የጥርስ ሕክምና ማስተርስ) 3 ዓመት ከህንድ። የእንግሊዙ ጂዲሲ (የጥርስ ሐኪሞችን የሚመዘግበው ምክር ቤት) የስፔሻሊስት መዝገብ ላይ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል? ከዚህ ሳልወጣስ ምን ምኑን ልጨርስ?

ሳቢያን፦
አቋራጭ የለውም ዶክተር። ስፔሻሊስት መዝገብ ላይ የሚገባው አስቀድሞ በጥርስ ሐኪምነት የተመዘገበ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወይ ኦአርኢ ወይ ኤልዲኤስ (በእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የሚሰጠው ሌላው ፈተና) ማለፍ አለብህ። ኤምዲኤስህ ከፈተናው አንዲት ጥያቄ አያስቀንስልህም።

ድሬ ቁጭ ብለህ የምትጨርሰው ወረቀቱን ነው፣ ብዙ ማመልከቻ የሚመለሰውም በወረቀት ነው። ፓስፖርትህ እስከ አያት፣ ዲፕሎማህ እስከ አባት ብቻ ከሆነ፣ ወይም "ፀጋዬ" አንዱ ላይ በ"ቲኤስ" ሌላው ላይ በ"ኤስ" ከተጻፈ ቀድመህ አስተካክል። ትራንስክሪፕቱ "ሰኔ 2009" ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ካልጨመረበት ደግሞ ፈረንጁ ከእውነተኛው ጊዜ 8 ዓመት አስቀድሞ አስመርቆህ ቁጭ ይላል።

ለኦአርኢ 1,600 ሰዓት የክሊኒክ ልምድ ይጠይቃሉ። የሚቆጠረው ወንበር ላይ በሽተኛ ያከምክበት ብቻ ነው፤ ሌክቸርና ላብራቶሪ አይገባም። "በቂ ልምድ አለው" የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም፣ ቁጥሩ ተጽፎ ማህተም ይረፍበት። የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ አይኤልቲኤስ አካዳሚክ፣ በአጠቃላይ 7.0፣ በየክፍሉ ከ6.5 ያላነሰ። ራይቲንግ 6.0 ከመጣ አጠቃላዩ 8 ቢሆንም አይጠቅምም። 2 ዓመት ስለሚያገለግል ሌላው ሰነድ ሳይደርስ ለፈተናው ወደ አዲስ አበባ አትሩጥ። የመልካም ሙያዊ አቋም ደብዳቤውን መጨረሻ ላይ አውጣ፣ ቶሎ ያረጃል።

ጀጎል_በር፦
የኦአርኢ ክፍል 1 በኮምፒውተር የሚሰጥ 2 ወረቀት ነው፣ እያንዳንዱ 3 ሰዓት። ሁለተኛው ወረቀት ውስጥ የእንግሊዝ ሕግና ሥነ ምግባር አለ፤ ንቀው የሚያልፉት ይጥላቸዋል። ክፍል 2 ለንደን ላይ ነው፦ ማኒኪን (በሰው ሠራሽ ጭንቅላት ላይ የሚሠራ የእጅ ሥራ)፣ ኦስኪ (ከጣቢያ ጣቢያ እየተዞረ የሚሰጥ የክሊኒክ ፈተና)፣ የሕክምና ዕቅድ እና ድንገተኛ ሕመም። ቦታው ተከፍቶ ወዲያው ስለሚሞላ ክፍያህን አዘጋጅተህ ጠብቅ።

ለኦርቶዶንቲስት አስቸጋሪው ማኒኪኑ ነው። ዓመታት ሙሉ ሽቦ ሲያጥፍ የኖረ እጅ ለክራውን (ለጥርስ ቆብ) ጥርስ ሲሞርድ ጎረቤቱን ጥርስ ይነካል፣ ወይ ግድግዳውን ከልክ በላይ ያጋድላል። የፕላስቲክ ጥርስ ከኢናሜል ስለሚለሰልስ ቡሩ (መሞረጃው) ሳታስበው ጠልቆ ይገባል። በፕላስቲክ ጥርስ፣ ሰዓት ይዘህ፣ ወንበሩንና ጭንቅላቱን እንደ በሽተኛ አስተካክለህ ተለማመድ። መስታወት ትቶ አንገቱን የሚያጣምም ተፈታኝ ከሩቁ ይታወቃል።

ከዚራ_4፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኦአርኢን ካለፍኩ ስፔሻሊስት መዝገብ ሳልገባ ብሬስ ማሰር እችላለሁ?

ሳቢያን፦
ትችላለህ፣ ችሎታህ እስከፈቀደ። በሩ ላይ "ስፔሻሊስት" ብለህ መለጠፍ ግን ሕገወጥ ነው። ለመዝገቡ የህንድ ሥልጠናህ ከእነሱ ጋር እንደሚመጣጠን በማስረጃ ታሳያለህ፦ ሎግቡክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከታተልካቸው ኬሶች ፎቶና ኤክስሬይ፣ የሥልጠናው ዝርዝር፣ የአሠልጣኞችህ ደብዳቤ። ፕሮፌሰሮቹ ጡረታ ሳይወጡ አሁኑኑ ጻፍላቸው።