የአተር ችግኞቼ ተጠላልፈው ተኙብኝ፤ እንዴት ልትከላቸው? ድጋፉስ ምን ይሁን?

ጥያቄ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ
ጤና ይስጥልኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአትክልት አተር በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ዘርቼ መስኮት ሥር አስቀምጬ ነበር። እሽጉ ላይ ቁመቱ 1.50 ሜትር እንደሚደርስ ተጽፏል። 26 በቅለዋል። አሁን ስንዝር ያህል ቢሆኑም ቀጫጭኖች ናቸው፤ እርስ በርስ ተጠላልፈው ተኝተዋል። ሥራቸውም ካርቶኑን በስቶ ወጥቶ ተያይዟል። ጓሮዬ ውስጥ 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ መደብ አለኝ፤ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምቱን ውሃ ሲተኛበት ከርሟል። አምና አራት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተክዬ አተሩ ይወጣባቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ አንዱም ሳይዝ መሬት ላይ ተኝቶ በሰበሰ። ልጄ እሸት አተር ሲያይ የሚሆነውን ስለማውቅ ዘንድሮ እንዳይበላሽብኝ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፣ ከሆጤ
እህቴ፣ አምና ጥፋቱ የአተሩ ሳይሆን የቋሚው ነው። አተር እንደ አደንጓሬ ግንዱን እየጠመዘዘ አይወጣም። የሚይዘው ከቅጠሉ ጫፍ በሚያወጣቸው ክር መሳይ መያዣዎች ነው፤ እነዚያ ደግሞ ከእርሳስ የወፈረ ነገር መጠቅለል አይችሉም። ስለዚህ ቋሚዎቹን አትጣያቸው፤ በመደቡ ዳርና ዳር ትከያቸውና በመካከላቸው ሲባጎ በየአንድ ስንዝሩ አግድም ወጥሪ። ከታች በኩል ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው ደረቅ ጭራሮ ሰክተሽ ሙዪው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጭራሮው ነው፤ ምክንያቱም ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ የመጀመሪያውን ሲባጎ አይደርስበትም፤ የሚወድቀውም በዚያን ጊዜ ነው። ድጋፉን ከችግኙ በፊት ትከይ። በኋላ እንጨት ሲሰካ ሥር ይቆረጣል።

መልስ፣ በግብርና ሙያ የሠራሁ
ከድጋፉ በፊት ውሃው ያሳስበኛል። አተር ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ ይቆያል። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊው፤ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅዪበት፤ በዙሪያው ቦይ አውጪለት። ናይትሮጅን ያለበትን ዩሪያ ግን አትጨምሪ። የአተር ሥር ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል፤ ከላይ ሲጨመርበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፤ ፍሬው ግን ያንሳል። ሲያብብ አንዱን ነቅለሽ እባጩን በጥፍርሽ ብትሰነጥቂው ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው።

ሥራቸው የተያያዙትን በመጎተት አትለያዪ። ካርቶኑን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አፈሩ ሲለቅ ቀስ ብለሽ ለያዪ። ካልላቀቁ ሁለት ሁለቱን አብረሽ ትከይ፤ ሥራቸው ከሚቆረጥ መጣበባቸው ይሻላል። መስኮት ሥር ያደጉ ስለሆኑም በአንድ ቀን ፀሐይና ነፋስ ላይ አታውጫቸው። ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን ቀን እያወጣሽ፣ ሰዓቱን እየጨመርሽ አለማምጃቸው። የምትተክዪው አመሻሽ ላይ ይሁን፤ በችግኞቹ መካከል አራት ጣት ይበቃል።

መልስ፣ ኩታበር ያደግሁ
ልጄ፣ እኛ አገር አተር ሲባጎ አያውቅም። አባቴ ከባቄላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል፤ ባቄላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አተሩ ይደገፍበታል፤ አብሮ ታጭዶ አብሮ ይወቃል። ያንቺ ረጅም ዘር ከሆነ ባቄላው ሊያንሰው ይችላል፤ ቢሆንም በዳር በዳር ጥቂት ባቄላ ብትዘሪ አይጎዳሽም። አምና የበሰበሰበት ቦታ ላይ ግን መልሰሽ አትትከይ፤ ባቄላም ቢሆን እዚያ አይግባ። ገብስ ወይም ድንች ይለፍበት።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
የደሴ ሰዎች የምትሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ቆላ ቀመስ ለሆነው ለእኛ ግን ጊዜው ይለያል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። እኔ በየካቲት ተክዬ አበባው በሚያዝያ ሙቀት ረግፎ ቀረ። አሁን ከመስከረም መጨረሻ በፊትም ከጥቅምት በኋላም አልተክልም፤ በብርዱ ወራት ያብባል። የእናንተ ስጋት ደግሞ ውርጭ ነው። ችግኙ ብርድ ይችላል፤ አበባውና ለጋው ፍሬ ግን አይችሉም። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት አሮጌ ነጠላ ወይም ከረጢት ጣል አድርጊበት፤ ጠዋት ማንሳትሽን አትርሺ።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኩታበሩ አባቴ፣ ቦታ ቀይሪ ያሉኝን ሰምቼ መደቡን ወደ ግድግዳው በኩል አዛወርኩት፤ ከፍም አደረግሁት። ሲለያዩ ሦስት ተሰበሩብኝ፤ 23ቱን ተከልኩ። የጎረቤት ዶሮ የሁለቱን ጫፍ በላችብኝ፤ ልነቅላቸው ስል ከሥር አዲስ ቀንበጥ አየሁና ተውኳቸው። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር 14ቱ ጭራሮውን ይዘዋል! ልጄ አንዱን ክር በጣቱ ሲነካ ነበር የዋለው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ለጋው ጫፍ ላይ ጉንዳን ይመላለሳል፤ ይጎዳው ይሆን?

መልስ፣ ከሆጤ
ጉንዳኑ ራሱ አይጎዳውም፤ የሚመጣው ክሽክሽ የሚባለው ተክል መጣጭ ነፍሳት የሚያፈሰውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ቅጠሉን ገልብጪና እዪ፤ አረንጓዴ ጥቃቅን ነፍሳት ካሉ በጣትሽ ጨፍልቂያቸው፤ ከበዙ ጠዋት ውሃ በኃይል እየረጨሽ አራግፊያቸው። አበባ እስኪያወጣ በየሁለት ቀኑ ተመልከቺው። ያልያዙትን ዘጠኙንም ጫፋቸውን ወደ ጭራሮው አዘንብዪላቸው፤ በክር አትሰሪያቸው፤ ነገ ራሳቸው ይይዛሉ።