የማውጫችን የክፍያ ደረጃዎች፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ
የማኅበራችንን አባላት ቤቶች በድረ ገጽ የሚያሳየው ማውጫ እስከ ዛሬ ለሁሉም አባል ነጻ ነበር። ከእንግዲህ አይቻልም። ሆስቲንጉም (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኪራይ) ዶሜይኑም (የድረ ገጹ አድራሻ) የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። መዋጮአችን ግን ንቅንቅ አላለም።

ሦስት ደረጃ ይኑር ነው የምለው።

ነጻ፦ የቤቱ ስም፣ አንድ ዘርፍ፣ ሰፈር፣ አንድ ፎቶ።

መካከለኛ፣ በዓመት 1,800 ብር፦ ስልክ፣ ካርታ፣ የሥራ ሰዓት፣ አምስት ፎቶ፣ የቴሌግራም ሊንክ።

ሙሉ፣ በዓመት 4,500 ብር፦ ሃያ ፎቶ፣ ሁለት ዘርፍ፣ ቅርንጫፍ፣ ቤቱ የተቋቋመበት ዓመት፣ በዘርፉ ዝርዝር ከላይ መውጣት።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ። ደረሰኝ ይቆረጣል። ሦስት ሰው እፈልጋለሁ፦ አንድ ሒሳብ የሚይዝ፣ ሁለት ደግሞ እየዞሩ አድራሻ የሚያድሱ። ፒያሳ በ2016 ከፈረሰ በኋላ ብዙ ቤት ሌላ ቦታ ገብቷል፣ ማውጫው ግን አሁንም ድሮ ሰፈር ይልካል። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ወርቅ ቤት
ዋጋው አይከብደኝም። አንድ የሠርግ ደንበኛ ካመጣልኝ ተመልሷል። ጥያቄዬ "ከላይ መውጣት" የሚለው ላይ ነው። ወርቅ ቤት ብቻውን ስንት ነን? ሁላችን ሙሉውን ከከፈልን ማን ነው ከላይ የሚሆነው?

ድረ ገጹን የሚሠራው
ልክ ነህ። ለዚህ ነው በየዘርፉ ለሦስት ቤት ብቻ እንገድበው ያልኩት፣ ረቂቁ ላይ ግን አልገባም። ወይ ደግሞ የከፈሉት በየጊዜው ቦታ ይቀያየሩ።

ሌላው ቀላል ነው። ድረ ገጹ የቆመው ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ነው። ማውጫውን የሚይዘው ጂኦዳይሬክተሪ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ለየፓኬጁ ዋጋ፣ የጊዜ ገደብ እና የፎቶ ብዛት መወሰን ይችላል። የትኛው መስመር በየትኛው ፓኬጅ እንደሚታይም ይመረጣል። አንድ ነገር ግን ዛሬ ወስኑልኝ። የከፈለ ሰው ጊዜው ሲያልቅ ምን ይሁን? ገጹ ይጥፋ ወይስ ወደ ነጻው ይውረድ? እኔ ይውረድ ባይ ነኝ። ከጠፋ ደንበኛው ቤቱ የተዘጋ ነው የሚመስለው።

ፎቶ ቤት
ይውረድ የሚለው ጥሩ ነው። አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቤቱ የተቋቋመበት ዓመት በ4,500 ብር የሚሸጠው በማን ፈቃድ ነው? አባቴ ያን ቤት የከፈተው በ1955 ነው። ዓመቱን ከማኅበሩ ልገዛው ነው ማለት ነው?

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ዓመቱን ማንም አልሸጠም። መስመሩ ነው በሙሉ ደረጃ ውስጥ ያለው።

ፎቶ ቤት
መስመሩን ካልከፈልኩ ዓመቱ አይታይም። ያው ነው። እኔ እና ትናንት የከፈተ ሰው በነጻው ላይ ጎን ለጎን እኩል እንቆማለን።

መነጽር ቤት
እኔ ነኝ ትናንት የከፈትኩት። ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። ጋሼ፣ በአክብሮት ልንገርዎ፣ ዓመት ደንበኛ አያመጣም። መነጽር የሚፈልግ ሰው ስልክ ነው የሚፈልገው።

ፎቶ ቤት
ላንተ አያመጣም። እኔ ጋ የአያቱን ፎቶ ኔጋቲቭ ፍለጋ የሚመጣ አለ። ቤቱ ያው የድሮው መሆኑን ካላወቀ አዲሱ ቦታዬ ድረስ አይመጣም።

ኬክ ቤት
ስልክ ከተነሳ አይቀር፣ ነጻው ላይ ስልክ የለም እኮ! ከቦታው የተነሳ ሰው ያለ ስልክ በምን ይገኛል? ሰፈር ብቻ ጽፎ? ይህ መስተካከል ያለበት ይመስለኛል።

ሰዓት ጠጋኝ
ከፎቶ ቤቱ ጋር ነኝ። ዓመት ክብር ነው። ለከፈለም ላልከፈለም ይጻፍ።

ወርቅ ቤት
ይጻፍ ካላችሁ የማንን ዓመት ነው የምንጽፈው? እኔ ንግድ ፈቃድ ላይ ያለኝ ዓመት ሌላ ነው፣ ታፔላዬ ላይ ያለው ሌላ ነው። ወንድሞቼ ከእኔ ተለይተው ሌላ ቤት ሲከፍቱ የአባታችንን ዓመት ነው የጻፉት። ሦስታችንም 1949 ልንል ነው?

ልብስ ስፌት
የኔም እንደዚያው ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ፈቃዱ በእኔ ስም ወጣ። ፈቃዱን ያየ 1998 ይላል። መኪናው፣ ጠረጴዛው፣ ደንበኛው ግን ያው የድሮው ነው። አንዳንዱ ደንበኛ የአባቱ ልክ መዝገባችን ላይ አለ። እኔ 1998 ብዬ አልጽፍም።

መጻሕፍት መደብር
ፈቃድ መመዘኛ ይሁን ካልን ብዙ ቤት ይጎዳል። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። ያኔ ባለቤት የነበረው በቤቱ ውስጥ ተከራይ ሆነ። አንዳንዱ ዘጋ፣ አንዳንዱ በሌላ ስም ቀጠለ፣ ወረቀቱ ጠፋ። ስለዚህ "ከመቼ ጀምሮ" የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ሥራው ሳይቋረጥ የቀጠለበት ዓመት ይባል፣ ሰው ይመስክር።

መነጽር ቤት
ምስክር ሊቆጠር ነው? እኛ የተነጋገርነው ስለ ሆስቲንግ ክፍያ ነበር።

ኬክ ቤት
የስልኩን ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

ወርቅ ቤት
ሌላም አለ። ዓመቱ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? የሰዓቱ ቤት ታፔላ 1958 ይላል። በእኛ ከሆነ በፈረንጅ 1965 ወይም 66 ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ በእኛ 1950 ወይም 51። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ነው። ዝርዝሩ በዓመት ቢደረደር ትልቅ ነገር ነው።

ሰዓት ጠጋኝ
በእኛ ነው። መቼ ነው ፈረንጅ የሆንኩት?

ወርቅ ቤት
ዱሮ 1962 የሚል አይቻለሁ። ታፔላው ቀለም በተቀባ ቁጥር ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሰዓት ጠጋኝ
ይህን በሰው ፊት ነው የምትለው? አባቴን ሌባ ልታደርገው? እናንተ ቤት ስንት ሰው በዕዳ ያስያዘው ወርቅ እንደቀረ እኔም አውቃለሁ። ማውራት ከተጀመረ ሁላችንም እናውቃለን።

ወርቅ ቤት
እናውጋዋ። ማስረጃ ካለህ አምጣ።

ሰዓት ጠጋኝ
አንተም አምጣ!

ሊቀመንበር
በቃ። ሁለታችሁም። በአንድ ግቢ ስንት ዓመት ኖራችሁ፣ የአንዳችሁን ለቅሶ ሌላችሁ ተሸክማችሁ፣ አሁን አንድ መስመር ላይ እንዲህ መባባል አይገባም። ዕዳ ስለተባለው ነገር ከዚህ በኋላ አንድ ቃል እንዳትጽፉ። ጸሐፊው ረቂቁን ያስተካክል።

ጸሐፊ
ዓመቱን ከሙሉ አውጥቼ ወደ መካከለኛ አውርጄዋለሁ። ይበቃል?

ፎቶ ቤት
አይበቃም። 1,800 ብርም ብር ነው።

ጸሐፊ
እሺ፣ ወደ ነጻው። ሒሳብ የሚይዝልኝ ሰውስ? ሰኞ እጄን አወጣሁ ያለው ሰው ስልኩን አያነሳም።

ማህተም ቀራጭ
እስካሁን ዝም ያልኩት የምለው ስለሌለኝ ነበር። የዓመቱ ክርክር ሲበዛ ግን ሣጥኑን ከፈትኩት። አባቴ የቀረጸውን ማህተም ሁሉ ለደንበኛ ከመስጠቱ በፊት ደብተር ላይ ይመታው ነበር። ከጎኑ ቀን ይጽፋል፣ የተቀበለው ሰው ይፈርማል። ሦስት ደብተር አለኝ። የመጀመሪያው 1954 ላይ ይጀምራል። ቤቱ ሲፈርስ ይዤው የወጣሁት ከመሣሪያዎቼ ጋር ይህን ነው።

የሰዓቱን ቤት አግኝቼዋለሁ። ጥቅምት 1959 ይላል፣ ክብ ማህተም፣ መሐሉ ላይ የኪስ ሰዓት። ማህተሙን ያሠራው በ1959 ከሆነ ቤቱ ከዚያ በፊት ሊከፈት ይችላል። 1962 ግን አይደለም።

ሰዓት ጠጋኝ
ፊርማው የማን ነው?

ማህተም ቀራጭ
የአባትህ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።

ሰዓት ጠጋኝ
አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ፊርማ ካየሁ ስንት ዘመኔ።

ወርቅ ቤት
ካለ አለ ነው። 1958 ይጻፍለት። የእኛን ቤትስ አየህ? አራት ማዕዘን ነበር፣ ዳር ዳሩ አበባ ያለው።

ማህተም ቀራጭ
ሁለተኛው ደብተር ላይ አራት ማዕዘን ብዙ አለ። በደንብ ልፈልግ።

ልብስ ስፌት
የባለቤቴንም እባክህ። መቀስ ያለበት ነው።

መጻሕፍት መደብር
ይህ ደብተር ራሱ ገጽ ይገባዋል። "የቆዩ ቤቶች" የሚል ገጽ ይከፈት። የማህተሙ ምስል፣ የተመታበት ቀን፣ ቤቱ ያኔ የት እንደነበር፣ አሁን የት እንዳለ። ዶሮ ማነቂያ የነበረ ቤት ዛሬ የት እንደገባ አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ለከተማውም ይጠቅማል።

ፎቶ ቤት
የድሮ ፎቶ ከእኔ ጋ አለ። የታፔላ፣ የበር፣ የበዓል። ለዚህ ገጽ አንድ ሳንቲም አልጠይቅም።

ሊቀመንበር
በጣም ጥሩ። ዝርዝሩም በዓመት ይደርደር። የቆየው ይቅደም።

ድረ ገጹን የሚሠራው
በዓመት መደርደር ይቻላል፣ ቁጥር የሚይዝ መስመር ነው። ግን ልብ በሉ። በዓመት ከተደረደረ "ከላይ መውጣት" የሚባለው ቀርቷል። ለሙሉ ደረጃ ሰው የሚከፍለው በዋናነት ለእሱ ነበር። የቀረው ሃያ ፎቶ፣ ሁለት ዘርፍ እና ቅርንጫፍ ነው።

ወርቅ ቤት
ታዲያ እኔ 4,500 የምከፍለው ለምንድን ነው? የእኔ ቤት በዓመቱም ከላይ ይመጣል።

መነጽር ቤት
እኔ ደግሞ ብከፍልም ከታች ነኝ፣ ባልከፍልም ከታች ነኝ። ለዘላለም። ሌላው አባል ከእኔ በፊት ስለተወለደ እኔ ደንበኛ ላጣ? ገንዘብ ከፍሎ መቅደም ቢያንስ በር ይከፍትልኝ ነበር። እንደዚህ ከሆነ መዋጮዬን ይዤ ሌላ ቦታ ማስታወቂያ እገዛለሁ። ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ።

ልብስ ስፌት
ልጁ እውነት አለው። የቆዩት በቆዩ ቤቶች ገጽ ላይ ይከበሩ። የዘርፉ ዝርዝር ግን እኩል ይሁን።

ሊቀመንበር
እኩል ከሆነ በፊደል ተራ ነው። ያኔ በ"ሀ" የሚጀምር ሁሉ ይቀድማል።

ኬክ ቤት
በፊደልም በዓመትም አድርጉት። እኔ የምጠይቀው ያው ነው። ስልክ በነጻው ላይ ይኑር። የግል ሞባይሉን ማውጣት የማይፈልግ ካለ ደግሞ ፈቃዱ ይጠየቅ። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ ዝም ብለን ከድሮው መዝገብ ገልብጠን መለጠፍ አንችልም። ባለፈው ሳምንት ደንበኛዬ የልደት ኬክ ልታዝዝ ድሮ ቦታዬ ሄዳ አጥር ነው ያገኘችው። ቁጥሬ ማውጫው ላይ ቢኖር ትደውልልኝ ነበር።

ማህተም ቀራጭ
መቀሱን አገኘሁት! 1966፣ የካቲት። አብዮቱ ሲፈነዳ ማለት ነው።

ልብስ ስፌት
የካቲት 66። እሱ ነው። ያን ሰሞን ነው የተከራየው።

ፎቶ ቤት
እንዲህ ያለውን ነገር ነው በ4,500 ብር ልትሸጡት የነበረው።

ጸሐፊ
የተስተካከለውን ረቂቅ ላስቀምጥ።

1. "የቆዩ ቤቶች" የሚል ገጽ ይከፈታል። ነጻ ነው። ማስረጃው የማህተም ደብተር፣ የድሮ ደረሰኝ፣ የድሮ ፈቃድ፣ ወይም የሁለት ነባር አባላት ምስክርነት። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይጻፋል።

2. ማስረጃ የሚመረምር ኮሚቴ ይቋቋማል፦ ማህተም ቀራጩ፣ መጻሕፍት መደብር፣ ልብስ ስፌት።

3. የክፍያ ደረጃው ለጊዜው ሁለት ይሆናል፦ ነጻ እና 1,800። ሙሉ የሚባለው ለሚቀጥለው ጉባኤ ይተላለፋል።

4. የዘርፍ ዝርዝር አደራደር ገና አልተወሰነም።

አድራሻ የሚያድሱት ሁለት ሰዎች አሁንም አልተገኙም። ያን ሥራ ከኮሚቴው ጋር ብናያይዘው ይሻላል፣ ማስረጃ ይዞ የመጣ አባል አዲስ አድራሻውንም ያስመዝግብ።

ኬክ ቤት
ስልክ በየትኛው ነው ያለው?

ድረ ገጹን የሚሠራው
አሁን ባለው ረቂቅ በ1,800ው ነው። መቀየር ለእኔ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ግን አንድ ሰው አዎ ይበለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ስለምሄድ ከዚያ በፊት ይሁን። ዋናውን ነገር ደግሞ አትርሱ። ሆስቲንጉ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ሁለቱ ደረጃ ቢጸድቅም ገንዘብ የሚገባው ከጉባኤው በኋላ ነው።

ሊቀመንበር
ከመዋጮ ይከፈል።

ጸሐፊ
መዋጮው ለቢሮ ኪራይ ወጥቷል።

ወርቅ ቤት
የዚህን ዓመት ሆስቲንግ እኔ እከፍላለሁ። በብድር ይያዝልኝ፣ ደረሰኝ ላይ ብድር ተብሎ ይጻፍ። ስልኩንም ነጻው ላይ አድርገው፣ እኔ አዎ ብያለሁ። የእኛ ማህተም ግን ሁለተኛው ደብተር ላይ ካልተገኘ ሦስተኛውን እዩልኝ።

ሊቀመንበር
ስልኩ ላይ ውሳኔ የጉባኤው ነው፣ አንድ ሰው አዎ አይልም።

ማህተም ቀራጭ
ደብተሮቹን ከቤት አላወጣም፣ ወረቀቱ ይሰባበራል። ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 ሰዓት ጀምሮ አዲሱ ሱቄ ኑ። አራት ኪሎ ነው፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ስትደርሱ ደውሉልኝ። የድሮ ደረሰኝ ያለው ዋናውን ይዞ ይምጣ፣ ኮፒ ብቻ አልቀበልም።